ይህን ደብዳቤ የያዘው ሰው

ዳማድ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ልጄ ኢኽላስ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነሽ? የእናትሽ ጉልበት ተሻላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አሠሪዬ፣ ከፊሌ፣ ሠላሳ ፍየል ጨምሮብኛል። ድሮ የፖሊስ አዛዥ ቢሮ ሳላንኳኳ የምገባው አባትሽን አሁን ፍየል ይንቀዋል።

እንደኔ ጋዜጠኛ መሆን እንደምትፈልጊ፣ የወንጀል ዘገባዎቼንም ደብተር ላይ ለጥፈሽ እንደያዝሽ ስትነግሪኝ ስልኩ የተዘጋው ኔትወርክ ተቋርጦ አልነበረም። አፍሬ ዘግቼው ነው።

ደብተሩን አውጪና «የጨርቅ መጋዘን ዘራፊው ተያዘ» የሚለውን ፈልጊ። ፎቶው ላይ እጁ በካቴና የታሰረው ረመዳን ይባላል፤ የመርካቶ ኩሊ ነበር። ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽም እሱ ነው።

ዐሥራ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ወንጀል ስዘግብ አሠራሬ አንድ ነበር። ጠዋት ጣቢያ ሄጄ የተያዙትን ስምና ፎቶ ከመርማሪው እቀበላለሁ፤ ከምሳ በፊት ዜናው ያልቃል። «ተጠርጣሪ» የሚለውን ቃል ርዕስ ያስረዝማል ብዬ እቆርጠዋለሁ። ረመዳንንም አንድ ቃል ሳልጠይቀው ሌባ አደረግኩት። ከአራት ወር በኋላ ፍርድ ቤት በነፃ ለቀቀው፤ እኛ ግን ያንን አልጻፍንም። ወሎ ያለችው እናቱ ፋጤ ጋዜጣውን ጎረቤት ካነበበላት ወዲህ ሰው መሃል መውጣት አቆመች። እሱም የሚያሠራው ሲያጣ በየመን በኩል እዚህ ዐረብ አገር መጣ። ከጋዜጣው ስቀነስ እኔም በዚያው መንገድ ሳላውቅ ተከተልኩት።

እዚህ ሰው የሚጠራው በልጁ ስም ነው። ረመዳንም አቡ ኢኽላስ ይለኛል እንጂ ዜናውን የጻፈው ሐምዛ መሆኔን አያውቅም። አንድ ከፊል ዘንድ ተገናኝተን ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ኖርን። ወባ ሲጥለኝ ከፊሉ እንዳያባርረኝ የኔንም መንጋ ደርቦ ጠበቀልኝ። አንድ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጠን ታሪኩን አጫወተኝና የፍርድ ቤቱን ወረቀት ከላስቲክ አውጥቶ አሳየኝ።

«ይዤው ጋዜጣው ቢሮ ሄጄ ነበር» አለኝ። «የጻፈው ሰው ወጥቷል አለኝ ዘበኛው። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ወላሂ አቡ ኢኽላስ፣ ያ ሰውዬ ይሄን ቢያይልኝ ይጽፍልኝ ነበር። ሳንገናኝ ቀረን። ኸላስ፣ የአላህ ሥራ ነው።»

ፍየል የምመልስ መስዬ ተነሣሁ።

አሁን እናቱ ታማበት ሊገባ ነው። መኖሪያ ፈቃድ ስለሌለው ነገ ጂዛን ከተማ ወርዶ ለፖሊስ እጁን ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ አገር ይጭኑታል። «ለልጅህ የምትልከው ካለህ» ሲለኝ ይህን ልሰጠው መጻፍ ጀመርኩ። ፊደል አይለይም። ኃጢአቴን በገዛ ኪሱ ላሸክመው ነው። ፊት ለፊት ልነግረው ስንቴ አፌን ከፍቼ ስለ ውሃ፣ ስለ ሣር አወራሁ። አሁን ደግሞ መንገሩን ለአንቺ መጣሌ ሌላ ሐፍረት ነው።

ስለዚህ ረመዳንን አስቀምጪውና ከመጀመሪያው መስመር ጀምረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ቢፈቅድ ይህንንም የእሱንም ወረቀት ይዛችሁ ጋዜጣው ቢሮ ሂዱ፤ ስሜን ሳያወጡ እንዳያትሙት። መሃል ላይ ተነሥቶ ቢሄድም አትለምኚልኝ።

አላህ ልብሽን ያቅናው፤ ሰውን ሳትጠይቂ ስለ ሰው ከመጻፍ ይጠብቅሽ። እናትሽን ሳሚልኝ።

ረመዳን፣ ሦስቱንም ቀን ቢሮ ነበርኩ። ወጥቷል በለው ያልኩት እኔ ነኝ። በመስኮት አይቼሃለሁ።

አባትሽ
ሐምዛ