ለሆዴ የጾምኩት ሁዳዴ

ልጄ ጽጌማርያም፣ እመቤቴ ማርያም ካለሽበት አገር ብርድ ትሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች።

"ቦርጭ ለልብ ጥሩ አይደለም፣ ቀንሺ" ያልሽኝን ሰምቼ ሁዳዴን እስከ ማታ እየጾምኩ ነው። መጀመሪያ ፊቴም ክንዴም ከሳ፤ ከደብረ ዘይት በዓል ወዲህ ግን ሆዴ ንቅንቅ አልል አለ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የነፍስ አባቴ ቄስ ገብረ ሊባኖስ በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ "እንደ ስሜነሽ ጹሙ! ለእግዜር ብላ እንዴት እንደከሳች እዩ!" አሉ። ነጠላዬን ሆዴ ላይ ሰብሰብ አድርጌ አቀረቀርኩ። በማግስቱ የጾምኩት ለቦርጬ ስል መሆኑን ልናዘዝ ቤታቸው ሄጄ፣ ስለ ጥጃዋ አውርቼ ተመለስኩ።

ቅዱስ ላሊበላ በሄድሽበት ይጠብቅሽ። አደራ ልጄ፣ ለፋሲካ ቄሱ እኛ ቤት ናቸውና ስትደውዪ "ቦርጭሽስ?" እንዳትዪኝ።

እናትሽ ስሜነሽ