ከኬልድዊኮች የቀረነው

ውድ እህቴ ሚልድረድ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አልበርትስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ? እዚያ ኒውዚላንድ አሁን በጋ ይሁን ክረምት መቼም ለይቼው አላውቅም፤ ብቻ ደህና ሁኚልኝ። እኔ ከሳሉ በቀር ደህና ነኝ። በጎቹም ደህና ናቸው፤ እነሱ ምን አለባቸው።

ወንድማችን ሄርበርት መሞቱን በቴሌግራም ነግሬሻለሁ። የሞቱ ማስታወቂያ በጋዜጣ ሲወጣ፣ ሆሬስ ኬልድዊክ የሚባል ሰው ከቦልተን ጻፈልኝ። ኬልድዊክ! ከሸለቋችን ውጭ ይህ ስም ያለው ሰው ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። አያታችን «ከምንጩ ቤት ያልወጣ ኬልድዊክ የለም» ይሉ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ለካ ከኮረብታው ማዶ ጥጥ ፋብሪካ ገብቶ ጠፋ የተባለው የአያታችን አጎት ዘር ተክቶ ኖሯል።

ዘር ከልጓም ይስባል፤ ልቤ ተንጠለጠለ። የእኔን ልጅ ሬጂን ጦርነቱ ባሕር ላይ አስቀረው። የሄርበርት ሴቶች ልጆች እንዳንቺው አግብተው በየባላቸው ስም ይጠራሉ። ይህ ሰው ወንድ ልጅ ካለው ስማችን አልሞተም አልኩና የእሁድ ልብሴን ለብሼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

በሩን የከፈተልኝ በእኔ ዕድሜ ያለ ሽማግሌ ነው፤ አፍንጫው የአባባ አፍንጫ። ሻይ አፈላ፣ ከሱቅ የገዛውን የሥጋ ፓይ ቆረሰልኝ። እኔ የልጅ ፎቶግራፍ ፍለጋ ግድግዳውን ሳማትር፣ እሱ ደግሞ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። በኋላ «ለመሆኑ ስንት ወንዶች ልጆች አሉህ?» አለኝ። «አንተስ?» አልኩት። «እኔማ ሚስትም አላገባሁ። አንተ ገበሬ ነህ፣ ቤትህ በልጅ የተሞላ ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩልህ» አለ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሻዩም ቀዘቀዘ።

ሲሸኘኝ «የአያቶቻችን የምንጩ ቤት አሁንም አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጣሪያው ወድቆ በግ ያድርበታል እንዴት ልበለው? «አለ፣ ደህና ነው» አልኩት። ሚልድረድ፣ ያን ቀን በጣም ከፋኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ድንጋይ ጠራቢው የሄርበርትን ስም በቤተሰባችን መቃብር ላይ ሊቀርጽ መጣ። «ከታች የቀረው ቦታ ጠባብ ነው ጌታው፤ ለሚመጡት እንዲበቃ ፊደሉን ላሳንሰው?» አለኝ። «ግድ የለህም፣ አስፋው፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ» አልኩት። ቆቡን አውልቆ ሥራውን ጀመረ።

አልበርትን ሰላም በይልኝ። ኖራንና ባሏን፣ ትንሹን ኮሊንንም ሳሚልኝ። መልስ ስትጽፊ እንደ ልማድሽ ፖስታው ላይ «ለኤድገር» ብለሽ አትተዪው፤ ስሜን ከነኬልድዊክ ሙሉውን ጻፊው። ፖስተኛው ከበሩ ሆኖ ጮክ ብሎ ይጥራኝ።

ወንድምሽ
ኤድገር ኬልድዊክ

ዮርክሺር፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1957