ስለ እትዬ መብራት ጠፋ ዕረፍትና እስካሁን ስላልተነቀለው ማሽናቸው

ከስርዓተ ክወና ክፍል ባልደረቦች፣ ለመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች፣ ለደንበኞቻችንና ለሚያውቋቸው ሁሉ

በክፍላችን የማከማቻ ቡድን አንጋፋ የነበሩት፣ እኛ ታናናሾቻቸው «እትዬ መብራት ጠፋ» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል። የክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ ከባድ ሐዘን ላይ ነን። «ከባድ» የሚለው ቃል እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ የተለመደ መሆኑን እናውቃለን፤ ሌላ ፈልገን አጣን።

ሥራቸውን ለማያውቅ ትንሽ እናስረዳ። ኮምፒውተር ላይ የምትጽፉት ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው ሜሞሪ ላይ ነው። ሜሞሪ ፈጣን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ዲስክ ቀርፋፋ ነው፤ የያዘውን ግን አይለቅም። ከሁለቱ መሀል ቆሞ «ይሄ አሁን ዲስክ ላይ ይውረድ፣ ያኛው ትንሽ ይቆይ» እያለ የሚያዘው የስርዓተ ክወናው፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚመራው ዋና ፕሮግራም፣ እምብርት ከርነል ይባላል። እትዬ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚያ መሀል ነው። ሥራ አስኪያጃችን ለእንግዶች ሲያስተዋውቋቸው «የማከማቻ ከፍተኛ ባለሙያ» ይሏቸው ነበር። እርሳቸው ደግሞ «ዕቃ አውራጅ ነኝ» እያሉ እንግዳውን ግራ ያጋቡት ነበር።

ሥራ በጀመሩበት ዓመት ዲስኮች ይዋሻሉ ብለው ተነሡ። ዲስኩ «ጽፌያለሁ» ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ገና ጓዳው ውስጥ ይዞት ተቀምጧል። ይህን ለማጋለጥ ማሽኑ በመጻፍ ላይ እያለ ገመዱን ይነቅላሉ፣ መልሰው ይሰካሉ፣ ከዚያ ተጽፏል የተባለው ሁሉ መኖሩን ይመረምራሉ። የራሳቸውን ማሽን ብቻ ቢነቅሉ መልካም ነበር። የእኛንም ይነቅሉ ነበር። ለሻይ ወጣ ብለን ስንመለስ ስክሪናችን ጨልሞ እናገኘዋለን። «ማነው የነቀለው?» ስንል፣ የክፍሉ አምፖል ቦግ ብሎ እየበራ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ «መብራት ጠፋ» ይላሉ። ስሙ የወጣላቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

አንድ ቀን ብድራችንን ለመመለስ ማሽናቸው ሆድ ውስጥ በድብቅ ባትሪ አስገባንበት። ገመዱን ነቀሉ፤ ማሽኑ ሥራውን ቀጠለ። ገመዱን በእጃቸው ይዘው ትንሽ አዩትና ለማሽኑ «አንቺ ሞተሻል፣ ወሬው አልደረሰሽም» አሉት። ቀጥሎም ባትሪውን አውጥተው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። እስካሁን አልመለሱልንም።

በሁለተኛው ዓመት ሜሞሪ ሲጣበብ ምን መደረግ እንዳለበት የሚወስነውን የከርነሉን ክፍል እንደ አዲስ ጻፉ። ቀድሞ ከርነሉ ሲጨንቀው ፊቱ ያገኘውን ፕሮግራም ይገድል ነበር። የሒሳብ ክፍሏ ጸሐፊ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው «ፕሮግራሜን ማን ገደለብኝ?» ይሉን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚገደል ስለጠፋ ጸሐፊዋም መምጣት ተዉ።

በቀጣዮቹ ዓመታት የጻፍነውን ኮድ እየመረመሩ አሳደጉን። «ይህን ስትጽፍ እንቅልፍ ነበረህ ወይስ ረሃብ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እንቅልፍ ያለ ወደ ቤቱ ይሰደዳል፣ ረሃብ ያለ ከምሳቸው ይካፈላል። ሁላችንም ረሃብ እንል እንደነበር አሁን ቢታወቅ ችግር የለውም።

ካረፉ ወዲህ የአንዳችንም ማሽን ሳይታሰብ አልጠፋም። ሥራ ሳይቋረጥ መዋሉ ይህን ያህል እንደሚያስጠላ አናውቅም ነበር። አንዳንዶቻችን ለሻይ ስንነሣ ገመዳችንን እጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ አድርገን እንወጣለን። ስንመለስ እንደተሰካ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ደንበኛችን የሆነ አንድ ክሊኒክ ካለፈው ክረምት ጀምሮ መብራት በሄደ ቁጥር ከሕሙማን ፋይሎች አንዳንዱ ይበላሽበታል። የፋይሉ ስም አለ፤ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ነው። ሜሞሪ ሲጣበብ ከርነላችን እየተጣደፈ ስሙን ከይዘቱ አስቀድሞ እንደሚያወርድ ደርሰንበታል። የሚጣደፍበትን ቦታ ግን ፈልገን ልናገኘው አልቻልንም። የክሊኒኩ ነርስ ስልክ ደውለው «ስሙን ይዤ ሰውየው ምን መድኃኒት እንደማይስማማው ካላወቅሁ ምን ልስጠው?» ይሉናል።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከምሳ በፊት እትዬ ከወንበራቸው ሳይነሡ «አገኘኋት» አሉ። «የት አባቷ ነበረች?» አልናቸው። «መጥቼ አሳያችኋለሁ። ደረቴን ትንሽ ከበደኝ፣ ሐኪም አይቶኝ ልምጣ» አሉና ስክሪናቸውን ቆልፈው፣ ሹራባቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ወጡ። አልተመለሱም።

ይህችን ለመፈለግ ገመድ አይነቅሉም ነበር፤ ሜሞሪውን እያጣበቡ ዲስኩ ላይ ምን ቀድሞ እንደወረደ ያያሉ። የሚሞክሩበት ማሽን ዲስኩ በየሙከራው ስለሚደመሰስ ሥራቸውን የሚያኖሩት ሜሞሪው ላይ ነበር። ማታ ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሁላችንም ወደምንጠቀምበት ማሽን ይገለብጡታል። ማክሰኞ ግን ሊመለሱ አስበው ስለነበር አልገለበጡም። ስለዚህ ያገኙት ነገር ያለው እዚያ ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው፤ መብራት ከተቋረጠ አብሮ ይሄዳል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁትም እርሳቸው ብቻ ነበሩ። የእህታቸውን ስም ሞክረናል፣ የሚወዷቸውን ስድቦችም በሙሉ ሞክረናል። ሜሞሪ ከቀዘቀዘ ቶሎ አይረሳም ያለ አንድ ባልደረባ ማሽኑን ፍሪጅ ውስጥ እናስገባው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ፍሪጅ ለመግባት መጀመሪያ መነቀል እንዳለበት ተነግሮት ተቀምጧል።

የሕንጻው አስተዳደር የኤሌክትሪክ መስመር ስለሚቀየር የፊታችን ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መብራት እንደማይኖር አሳውቋል። እኛም ጄኔሬተር ለማምጣት ተነጋግረን ጨርሰን ነበር።

ሰኞ ዕለት ታላቅ እህታቸው ዕቃቸውን ሊወስዱ መጡ። ማሽኑ ላይ «እንዳትነኩ» የሚል ወረቀት በአራቱም ጎን ተለጥፎ ሲያዩ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገርናቸው። ስለ ጄኔሬተሩም ነገርናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙንና «እኔ እህቴን ሁለት ቀን እንኳ አላስታመምኩም፤ እናንተ ብረት ታስታምማላችሁ?» አሉ። ሹራቡን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከከተቱ በኋላ ቀስ ብለው «እስቲ ልጆቼ፣ የማታውቁትን ቁልፍ ስንት ዓመት ልትጠብቁት ነው?» አሉን።

ጄኔሬተሩን የፈለግነው ለክሊኒኩ ብለን ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባን። ማሽኑ እስከበራ ድረስ እትዬ ሐኪም ጋ ደርሰው ሊመጡ የወጡ ይመስለን ነበር። ጄኔሬተሩ ቀርቷል።

አንድ ነገር ማረም አለብን። ሥራ አስኪያጃችን ማክሰኞ «ተገኘ» ሲባል ሰምተው፣ በደስታ ወደ ክሊኒኩ ደውለው ችግሩ ተፈቷል ብለው ነበር። ይህን በእርሳቸው ፈቃድ እናነሣለን። «እሷ ብትኖር ከዲስኮቹ ጋር ትደምረኝ ነበር» ብለዋል። ችግሩ አልተፈታም። እትዬ አግኝተውት ነበር፤ እኛ ገና ነን። እርሳቸው የሄዱበትን መንገድ ከመጀመሪያው ጀምረን እንሄዳለን፤ እስክንደርስ ክሊኒኩ የሕሙማኑን መረጃ በወረቀትም እንዲይዝ እንለምናለን። ነርሷ ሲደውሉ ስልኩን እናነሣለን።

ለእናታቸው፣ ለታላቅ እህታቸውና ለመላው ቤተሰባቸው መጽናናትን እንመኛለን። ከመስኮታችን በታች ላሉት ጎማ ጠጋኝም እንዲሁ። የአየር መሙያቸው ሞተር በተነሣ ቁጥር የሕንጻው መብራት ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ እትዬ ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው «ተባረክ፣ አንዴ ድገመው» ይሏቸው ነበር። ሰውየው ምን እንደሚደግሙ ገብቷቸው እንደሆን አናውቅም፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ይደግሙላቸው ነበር።

ማሽኑ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሕንጻው መብራት ከመቋረጡ በፊት ይነቀላል። ገመዱን እንዲነቅሉልን ታላቅ እህታቸውን ጠይቀን እሺ ብለዋል። መምጣት የፈለገ ሁሉ መምጣት ይችላል፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ኮሪደሩ ላይ መቆም ያስፈልግ ይሆናል። ሌሎቹን ማሽኖች ቀደም ብለን ስለምናጠፋ በዚያ ሰዓት የሚሰማው የእርሳቸው ማሽን ማራገቢያ ብቻ ነው። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ለሚኖረው ጸጥታ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የስርዓተ ክወና ክፍል ባልደረቦች