ሦስት ክረምት ያለው ሰውዬ

ውድ አባዬ፣

ዓይንህ ስለደከመ ይህን የምታነብልህ ታናሽ እህቴ ናት። አንቺም አንብቢ እንግዲህ፣ ምንም እንዳታስቀሪ፣ አደራ።

በስልክ ባወራን ቁጥር «ያ ሰውዬ ደህና ነው? ሰላም በይልኝ» ትለኛለህ። እኔም «እሺ አባዬ፣ አደርሳለሁ» እያልኩ ይኸው አራት ዓመት ሞላኝ። ሰላምታህን ለማንም አላደረስኩም። ዛሬ ምክንያቱን ልንገርህ፤ ብትቆጣኝም ልክ ነህ።

የመመረቂያ ጥናቴ ስለሚሰነጠቁ ቤቶች እንደነበር ታስታውሳለህ። አንድ ምዕራፍ ላይ «ጥቁር አፈር ላይ ትልቅ ዛፍ ከተቆረጠ፣ ሦስት ክረምት ሳያልፍ በቦታው ቤት አይሠራም» ብዬ ጻፍኩ። ከማን እንደሰማሁት አንተ ታውቃለህ። የጎረቤታችንን ግድግዳ ስትጠግን እኔ ቱንቢውን ይዤልህ ቆሜ፣ «ዛፉ ይጠጣው የነበረውን ውሃ አሁን አፈሩ ጠጥቶ ያብጣል። ዛፉን እስኪረሳው ሦስት ክረምት ይፈልጋል። ሠላሳ ቤት አይቻለሁ» ብለኸኝ ነበር።

አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ ከዓረፍተ ነገሩ ጎን በቀይ «ማን ነው ያለው?» ብለው ጽፈውበታል። ቁጣ አልነበረም፣ ተራ ጥያቄ ነው። መልሱም ተራ ነበር፤ አባቴ፣ ግንበኛው። ማጣቀሻ የምናደራጅበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ለዚህ የሚሆን ቅጽ አለው፤ «ቃለ መጠይቅ» ይላል፤ የተናጋሪው ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው ይሞላል። ከፈትኩት። ስምህን እስከ ግማሽ ጻፍኩት። ከዚያ የክፍሌ ልጆች በየገጹ የደረደሯቸው ፕሮፌሰሮች ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝና አፈርኩ። በአንተ አፈርኩ፣ አባዬ። ይህችን ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ስምህን አጠፋሁትና ፕሮግራሙ ውስጥ ካከማቸኋቸው መጻሕፍት መካከል ስለ ዛፍና መሠረት የሚያወራ አንድ መረጥኩ። መግቢያውን እንጂ ውስጡን አላነበብኩትም። አንዴ ስጫነው መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ስምና ዓመቱ ቅንፍ ውስጥ ቁጭ አሉ፤ መጨረሻ ላይ ካለው ዝርዝርም በፊደል ተራቸው ገቡ። እንዴት እንደሚያምር ብታየው! ጉድ እኮ ነው፣ አንድ ነጥብ እንኳን አልተዛነፈም።

ጥናቴን ያቀረብኩ ቀን ያችን ግራጫ ኮትህን ለብሰህ ከኋላ ተቀመጥክ። «ሦስት ክረምት» ብዬ የሰውዬውን ስም ስጠራ አንገትህን ቀና አደረግክ። ያወቅክብኝ መሰለኝ። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዝ አደረግከኝና፣

«ስሚ ምሁሯ፣ ይሄ ሰውዬ ግን በእጁ መሠረት ቆፍሯል» አልከኝ። «ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህንን አያውቀውም። እኔ ብቻዬን ያየሁት ይመስለኝ ነበር እኮ! ስታገኚው ሰላም በይልኝ።»

ደስ ብሎህ ነበር። እኔ ሳቅኩ። በዚያ ሳቅ እስከ ዛሬ ራሴን እታዘበዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጥናቴን ያነበበች አንዲት ተማሪዬ ያንን መጽሐፍ ታቅፋ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ክረምት የሚለው የቱ ገጽ ላይ ነው?» አለችኝ። ገጽ የለውማ! ሰውዬው ስለ ሦስት ክረምት ትንፍሽ አላለም። ሌሎች ሁለት ጥናቶችም ከእኔ ወስደው የእሱን ስም ጠቅሰዋል። «ይቅርታ፣ ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። ልጅቷ መጽሐፉን ዘጋችው።

ትናንት ሁሉንም ጽፌ ለትምህርት ክፍሉ አስገባሁ። ሥራዬን ሊወስዱብኝ ይችላሉ፣ ዲግሪዬንም ጭምር። የፈረዱትን እቀበላለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የአንተ ነው። ያንን የ«ቃለ መጠይቅ» ቅጽ እንደገና ከፍቼዋለሁ፤ ነገር ግን የሰው ስም ያለ ፈቃዱ አይገባበትም። «ተይው ልጄ፣ አሁን ምን ያደርጋል» ብለህ እንዳታልፈኝ፤ አውቅሃለሁ።

ስንጥቅ ላይ ጄሶ ትለጥፍና ቀኑን በእርሳስ ትጽፍበት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ተመልሰን ስናየው ጄሶው ተሰንጥቆ ከሆነ «ቤቱ ገና ይንቀሳቀሳል፣ እንዳትለስኚው» ትለኛለህ። እኔ ግን ለስኜው አራት ዓመት ኖርኩበት።

ሰላምታህን እንግዲህ ለባለቤቱ አደረስኩ። ያ ሰውዬ አንተ ነህ፣ አባዬ። እባክህ፣ ይቅር ካልከኝና ከፈቀድክልኝ፣ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ «እኔ ነኝ ያልኩት» ብለህ በትልልቁ ጻፍና መልሰህ ላክልኝ። እህቴ እንዳትጽፍልህ። ቀኑንም በእርሳስ አድርግበት።

ቱንቢ ያዥህ፣
ልጅህ