ኳሷን መሬት አወረድናት

ለውድ ወንድሜ ለይግዛው፣

ሰላምታዬ ከደባርቅ ብርድ ተነሥቶ አሰብ ወደብ ድረስ ይድረስህ። ሙቀቱን ሰውነትህ ለመደው ወይ? የጭነቱ ሥራስ ወገብህን አልጎዳህም? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፤ እህሉም ከአውድማ ገብቷል። ዛሬ ያስቸኮለኝ ግን ሌላ ወሬ ነው፤ ዳባትን በገዛ ሜዳዋ አሸነፍናት።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ቡድናችን እንዴት እንደከረመ ሳትሰማ አትቀርም። ባንተ ቁመት የለመድነውን አመል መተው አቅቶን፣ ያገኘነውን ኳስ ሁሉ ወደ ላይ እንለጋው ነበር። አሁን ከፊት ያለው አጭሩ ላቀው ነው፤ ኳሷን ነፋስ ካልወሰዳት የተጋጣሚ ረጃጅሞች ይወስዷታል። አሰልጣኝነቱን ለእኔ ሲሰጡኝ፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ወልደ ገብርኤል ከጎንደር ረጃጅም ተጫዋቾች እንዋስ አሉ። እኔም «የተዋስነው ሰው በዓመቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኛም ባዶ እጃችንን እንቀራለን። ያሉን ልጆች አጫጭርና ፈጣን ናቸው፤ እንግዲያው መሬት ለመሬት እንጫወት። ከተማሪ ቤት የሚመጡትንም ከአሁኑ አብረን ብናለማምድ፣ ላቀው ሲደክመው ተተኪ አናጣም» አልኳቸው። ብዙ ተከራክረው «ይሁን፤ በዳባት ከተሸነፍን ግን ቦታውን ትለቃለህ» አሉኝ።

ከጥምቀት በኋላ በጭነት መኪና ተጭነን ሄድን። ገና ሰውነታችን ሳይሟሟቅ አገቡብን። የራሳችን ደጋፊ «ወደ ላይ ልጓት» እያለ ይጮህብኝ ጀመር። ላቀውም ሮጦ መጥቶ «ጋሼ ደምለው፣ እንለጋት እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቦታዬን የማጣ መስሎኝ ነበር። ቢሆንም «እንደተለማመዳችሁት ሂዱ» አልኩት።

ከእረፍት በኋላ የዳባት ተከላካዮች ኳሷን ሲያሳድዱ እግራቸው ዛለ። ላቀው በሁለቱ ረጃጅሞች መካከል ሾልኮ አንዱን አገባ። ሊያልቅ ሲል ደግሞ ከተማሪ ቤት ያመጣነው ሸጋው የሚባለው ልጅ፣ ላቀው ያቀበለውን ኳስ መሬት ለመሬት ሰደዳት፤ በረኛው ሲወድቅ ኳሷ አልፋለች። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፤ ጋቢዬን ሰው ነው ያነሣልኝ።

አቶ ወልደ ገብርኤል መኪናው ላይ ከልጆቹ ጋር እየዘፈኑ ተመለሱ። ደባርቅ ስንወርድ ጠጋ ብለው «የከርሞውን ብቻ ሳይሆን የከርሞ ወዲያውንም አስበህ ንገረን፤ ከጎንደር ማንንም አንዋስም» አሉኝ።

አባታችን ደኅና ናቸው፤ ይመርቁሃል። እኅታችን እናናዬ በእልልታ ድምጿ ተዘግቶ እስካሁን በእጇ ነው የምታወራው፤ ሰላም በልልኝ ስትል በእጇ አሳይታኛለች። ኳስ የሥራ ፈት ነው ትል የነበረችው እናታችን የሺወርቅ፣ ላቀውን በመንገድ ባገኘችው ቁጥር «እግርህን ከእንቅፋት ጠብቅ፣ የከርሞው አለብህ» ትለዋለች። አንተንም እንዲሁ ራስህን ጠብቅ ብላ ግንባርህን ስማሃለች።

ወንድምህ ደምለው
ደባርቅ፣ ጥር 19 ቀን 1975 ዓ.ም.