ደረጀ ጅራፍ ያጮኸበት ሰልፍ

ሐሙስ

የሰልፉ ፐርሚት ወጣ! ሚስተር ትሬቨር በደስታ በራችንን ሊሰብሩት ነበር። ጎረቤታችን ናቸው፤ እንግሊዝ አገር ኮርንዎል ከሚባል ቦታ የመጡ ሽማግሌ። እዚያ በሰመሩ እኩሌታ፣ ሰኔ ላይ፣ ከተማው እንዳለ ይወጣል አሉ፤ ከበሮ ይመታል፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ እንደ እባብ እየተጥመለመለ ይጨፍራል፣ ለቀልድ ከንቲባ ይመርጣል። እዚህ አሌክሳንድሪያም መንገዳችንን አዘግተው በየዓመቱ ያደርጉታል። ዘንድሮ የቀልዱ ከንቲባ ራሳቸው ናቸው። "እናንተስ ምን ታመጣላችሁ?" አሉኝ። አፌ መች ያርፋል! "ወንድሜ ጅራፍ ያጮኻል፣ እንደ ቡሄ" አልኩ።

ዓርብ

ታናሽ ወንድሜ ደረጀ በዲቪ ከመጣ ገና ሰባት ወሩ ነው። ከሥራ ሲመለስ ገመድ ገዝቶ ገባና ጋራዥ ውስጥ ጅራፉን ገመደ። ሲጨርስ ግን ቅር አለው።

"አስቱ፣ እዚህ አገር ሰው ይደነግጣል። ቢቀርብንስ?"

"ፈሪ! ሰፈሩን ስታናውጥ ያደግክ ልጅ!" አልኩት። ሳቀ።

ቅዳሜ

እንደሆነው ልጻፈው።

መንገዱ በሰው ጢም ብሏል። ደረጀ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ዝም ብሎ ይሄዳል። አናደደኝ። "በለው እንጂ! አጩኸው!" ብዬ ጮህኩበት። ጧ! ጧ!

አንዱ "ተኩስ ነው!" አለ። አለቀ። ሰው ሰውን ረገጠ። የሕፃን ጋሪ ተገለበጠ፣ እናትየዋ ላዩ ላይ ወደቀች። ሦስት ወንዶች ደረጀ ላይ ተከመሩበት። አንዱ አፉን በቡጢ፣ ሌላው ጎኑን በእርግጫ ይለዋል፣ ሦስተኛው በገዛ ጅራፉ አንገቱን ያንቀዋል። ፖሊሶች ደርሰው ጀርባው ላይ ተንበረከኩ፤ ክንዱን ሲጠመዝዙት ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሚስተር ትሬቨር ቀዩን የከንቲባ ካባ እንደለበሱ አስፋልቱ ላይ ተረግጠው ተዘርረዋል።

እኔ ዛፍ ሥር ቆሜ ቀረሁ።

እሑድ

ደረጀ፦ ሁለት ጥርስ፣ ግራ ክንዱ፣ እስር።
ሚስተር ትሬቨር፦ የጎን አጥንት፣ ትከሻ።
እናትየዋ፦ ግንባሯ ተሰፍቷል። ሕፃኑ ተርፏል፣ ተመስገን።
እኔ፦ ደህና። አፈር ልብላ።

ፖሊሱ "አድርግ ያለው ሰው አለ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። "አላውቅም" አልኩት። አላውቅም! ሆን ብሎ ሕዝብ አሸብሯል ነው ክሱ። ከተፈረደበት ግሪን ካርዱን ቀምተው ወደ አገር ቤት ይመልሱታል።

ሰኞ

የደረጀ ጠበቃ፣ ሎየሯ፣ ኮል አደረገችልኝ። ደረጀ "ማንም አላዘዘኝም" ብሏል አለች። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለኔ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሳለቅስ የከረምኩት እኔ!

ሆስፒታል ሄጄ ለሚስተር ትሬቨር ተናዘዝኩ። ፊታቸው አብጦ ጠቁሯል። "ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለዳኛው ንገሪ" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ማክሰኞ

ደረጀ ቦንድ ተከፍሎለት በዋስ ወጣ። ኪችን ውስጥ "እውነቱን ልናገር ነው" አልኩት። ብርጭቆውን ከግድግዳ ጋር አጋጨው።

"ጥርሴን የሰጠሁት አንቺም እስር ቤት እንድትገቢ ነው? ልጆችሽን ማን ያሳድጋቸው?"

"እናገራለሁ" አልኩ። በደህና እጁ በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። በሕይወቱ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ስብርባሪው መሀል ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ረቡዕ

ሎየሯ ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ፈረምኩ። ሎየሯ "እሱን ሊረዳው ይችላል፤ አንቺን ግን ሊጎዳሽ ይችላል" አለች። ይጉዳኝ።

ስመለስ ደረጀ ሳሎን ተቀምጧል። "ምን ብለሽ ፈረምሽ?" አለኝ።

"'አጩኸው' ብዬ ጮህኩበት ብዬ።"

"ሁለት ጊዜ ነው ያልሽኝ" አለ። "መጀመሪያ ስትዪኝ 'ሕፃናት አሉ' ብዬ እምቢ ብዬሽ ነበር።"

አላስታወስኩትም ነበር። ሲለው መጣልኝ፤ የእጁ ምልክት፣ ወደ ጋሪው ማየቱ፣ ሁሉም።

"ነገ ሄጄ እሱንም አስጽፋለሁ" አልኩት።

"አስጽፊ" አለኝ።