ለዶክተሩ ጥብቅና የቆምኩ ሰሞን

እሑድ፣ ኅዳር 3። ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም አከራዬ እትዬ አበበች ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት። ተጠጋግተን። የድራማው ዶክተር ሰው ገጭቶ ሾፌሩን አሳሰረ። መሪውን የያዘው ራሱ ነበር። ቢሆንም ሁላችንም እንወደዋለን። እትዬ፣ እናቱን የሚጦር ልጅ ክፉ አይሆንም አሉ። እኔም ተሟገትኩለት፤ ደንግጦ ነው፣ በኋላ ስንቱን ሕመምተኛ አድኗል አልኩ። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የእትዬ ባል ጋሽ ኃይሌ ድራማ ሲታይ አይናገሩም። ዛሬ ግን፣ “ሾፌሩስ እናት የለውም?” አሉኝ።

ተነሥቼ ክፍሌ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ማስታወሻዬ፣ ላንተም ያልነገርኩህ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት። የማስተምረው የ8ኛ ክፍል ሮስተር፣ የልጆቹ ውጤት በሙሉ የሰፈረበት። ቤት ወስጄ ልጨርሰው ብዬ ለመንኩ። የሪከርድ ክፍሏ ወ/ሮ አጸደ አመነችኝ፤ ሳታስፈርም ሰጠችኝ። ሺሺንዳ እህቴ ጋ ይዤው ሄድኩ፣ ስመለስ አውቶቡስ ላይ ረሳሁት። የትምህርት ቤቱ ግምገማ ላይ የተጠየቀችው እሷ። እኔ ከኋላ ወንበር፣ አንገቴን ደፍቼ። ስሜን አልጠራችም። አንዴ ዞራ አየችኝ፣ በቃ። ጥፋተኛ ተብላ ከቦንጋ ወደ ገጠር፣ ደካ ተዛወረች።

እሑድ ለማን ስሟገት እንደነበር አሁን ገባኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ያለቀ ጉዳይ ነው አለ፤ ለም/ዳይሬክተርነት ታጭተሽ ሳለ ምን አስቆፈረሽ አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ እፎይ አልኩ። ቤቴ ሳልደርስ እፎይታዬ ራሱ አስጠላኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9። ደካ

ጭቃ። ጉም። ወገቤ የለም። አጸደ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ከስታለች። ባሏና ልጆቿ ቦንጋ ቀርተዋል፣ በወር አንዴ ብታገኛቸው ነው። ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝ፤ መጉረስ አቃተኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። ያኔ ስሜን ለምን እንዳልጠራች ጠየቅኳት። ራስሽ ትነሻለሽ ብዬ ስጠብቅ ስብሰባው አለቀ አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

“እኔማ አውቀዋለሁ፣ ጽጌ። ለማያውቁት ንገሪ።”

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ግምገማ ነበር። እጩነቴ ሊቀርብ ሲል እጄን አወጣሁ። ቆሜ ተናገርኩ። ሮስተሩን፣ አውቶቡሱን፣ ዝምታዬን። ዳይሬክተሩ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ከኋላ አንዷ አለቀሰች፤ ለእኔ ይሁን ለአጸደ እንጃ። እጩነቴ ተሰረዘ። አጸደ እንድትመለስ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ፤ በላይ ያሉት እሺ ይሉ አይሉ አይታወቅም።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አንሥቶ፣ የተናገርሽው ይመዝገብ ወይስ በቃል ይቅር ብሎ ጠየቀኝ። ፊቱ ላይ፣ ይቅር በይ የሚል ልመና ነበር።

ይመዝገብ አልኩ። ጽፎ እስኪጨርስ አልተቀመጥኩም።